የተረከዟ ጠብታ ደም፦ ስለ ሮበርት ጋትሪ የምርምር ሕይወት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውጭ አገር የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ በተወለደ በማግስቱ ነርሷ ትመጣና ተረከዙን ወጋ አድርጋ፣ ወፈር ባለ ወረቀት ላይ በተሣሉ ክቦች ውስጥ ደም ታንጠባጥባለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ አያት ካለች «ምነው ገና አንድ ቀን ላልሞላው ልጅ!» ትላለች፤ ወረቀቱ ይደርቅና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ወላጅ ስለ ወረቀቱ ዳግመኛ አይሰማም። ይህን አሠራር ያመጣው ሮበርት ጋትሪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ነው። ስለ ሰውዬውና ስለ ሥራው ሰው የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሮበርት ጋትሪ ማን ነበር? ወደዚህ ምርምርስ እንዴት ገባ?

በ1916 በሚዙሪ ግዛት ተወለደ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አደገ፣ ሕክምናም ማይክሮባዮሎጂም ተማረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ፣ ሮዝዌል ፓርክ በተባለው የካንሰር ተቋም ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የእጁ ሙያ ባክቴሪያን እንደ ሚዛን መጠቀም ነው፦ በታማሚው ደም ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ምን ያህል እንዳለ፣ ባክቴሪያው ሲያድግ ወይም ማደግ ሲያቅተው እያየ ይለካል። በዘር ከሚተላለፍ የሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን የሚለውጥበት ኬሚስትሪ፣ ችግር ጋር የሚያገናኘው ሥራ አልነበረውም።

ያገናኘው የቤቱ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት፤ ምክንያቱ አልታወቀም። ጋትሪና ባለቤቱ እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ወዳቋቋሙት ማኅበር ገቡ። በዚያው መንገድ የተዋወቀው ሮበርት ዋርነር የተባለ ሐኪም በ1957 አንድ የቸገረውን ነገር አዋየው። ፒኬዩ የተባለ ችግር ያለባቸው ልጆች ልዩ ምግብ ጀምረዋል፤ ምግቡ ልክ መሆኑን ለማወቅ ግን ደማቸው በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ምርመራው ደግሞ ከደም ሥር ብዙ ደም መቅዳት ይጠይቃል፣ ውድም ነው። ቀለል ያለ መንገድ ይኖር ይሆን?

መሣሪያው ጋትሪ እጅ ላይ ነበር። በዓመቱ የካንሰሩን ሥራ ትቶ ወደ ቡፋሎ የሕፃናት ሆስፒታል ተዛወረ። ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሙያውን ሳይሆን የሙያውን አቅጣጫ የቀየረ ተመራማሪ ብዙ አይገኝም።

ፒኬዩ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ፌኒልኬቶኑሪያ ነው። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ ሽሮም ውስጥ ያለው ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ከነዚህ አንዱ ፌኒልአላኒን ይባላል። ጉበታችን ትርፍ የሆነውን ፌኒልአላኒን በአንድ ኢንዛይም (የሰውነትን ኬሚካላዊ ለውጥ በሚያካሂድ ፕሮቲን) አማካይነት ታይሮሲን ወደተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ይለውጠዋል። ፒኬዩ ያለበት ልጅ ይህ ኢንዛይም አይሠራለትም፤ ስለዚህ ፌኒልአላኒኑ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና አንጎሉን ይጎዳል።

ክፉነቱ ሲወለድ ምንም የማይታይበት መሆኑ ነው። ማሕፀን ውስጥ እያለ የእናቱ ሰውነት ሥራውን ይሠራለታል። ከተወለደ በኋላ በጠባው ወተት ልክ፣ ከቀን ወደ ቀን መርዙ ይከማቻል። ወላጆች «ልጁ ዘገየ» ብለው መጠራጠር ሲጀምሩ ወራት አልፈዋል፣ የተጎዳውም አይመለስም። ሕክምና ያላገኙት አብዛኞቹ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይደርስባቸዋል፤ አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታም ይጨመርባቸዋል።

በሽታውን ያገኘው ጋትሪ ነው?

አይደለም። ይህን ስል የሚገረሙ አሉ፤ ነገር ግን የሰውዬውን ሥራ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበሩትን ማወቅ ግድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንግሊዛዊው ሐኪም አርኪባልድ ጋሮድ አለ። አልካፕቶኑሪያ የተባለ፣ ሽንት ሲቆይ የሚያጠቁር ችግር ያለባቸውን ሰዎች ሲያጠና የብዙዎቹ ወላጆች የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሆነው አገኛቸው። በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ ችግሩ በዘር የሚወረስ የሰውነት ኬሚስትሪ ጉድለት መሆኑን አመለከተ። በ1908 በሰጣቸው ተከታታይ ንግግሮች ለእንዲህ ያሉ ችግሮች «ከውልደት የሆኑ የሜታቦሊዝም ስሕተቶች» የሚል መጠሪያ አወጣ። ዘመኑ አልተከተለውም፤ ሐሳቡ ሙሉ ክብሩን ያገኘው እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ 1934፣ ኖርዌይ። አንዲት እናት አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ ሁለቱም ጤነኛ መስለው ተወልደው ሁለቱም ወደ ኋላ ቀሩ። ከልጆቹ ላይ የማይለቅ እንግዳ ሽታ ነበር። የምትጠይቀው ሐኪም ሁሉ መልስ የለውም። እሷ ግን አላረፈችም፤ በመጨረሻ ሐኪምም ኬሚስትም ወደሆነው አስቢዮርን ፎሊንግ ደረሰች። ፎሊንግ የልጆቹን ሽንት ፌሪክ ክሎራይድ በተባለ ኬሚካል ሲሞክረው፣ ከሚጠበቀው ቀለም በተለየ አረንጓዴ ሆነ። እናትየው የምትሰጣቸውን መድኃኒት ሁሉ ለጥቂት ቀን እንድታቆም ነገራት፤ አሁንም አረንጓዴ። ሊትር በሊትር ሽንት እያመጣችለት ንጥረ ነገሩን አጣርቶ ለየው። ቀጥሎም በአካባቢው ተቋማት የሚኖሩ 430 ሰዎችን መርምሮ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው 8 ሌሎች አገኘ። በሽታው ታወቀ። ለእነዚያ ሁለት ልጆች ግን የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ሴቷ 6፣ ወንዱ 4 ዓመት አካባቢ ነበሩ።

ሦስተኛው ጀርመናዊው ሆርስት ቢክል ነው፤ የሠራው በእንግሊዝ በበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታል፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ነው። እዚህም እናት አለች። በየጠዋቱ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ «ለልጄ መድኃኒቱን መቼ ነው የምታገኙት?» እያለች ትጠይቀው ነበር። ልጅቷ 2 ዓመት ገደማ ናት፤ አትቆምም፣ አትራመድም፣ ታለቅሳለች፣ ራሷን ትመታለች። እነ ቢክል ፌኒልአላኒን የተጣራለት ምግብ አዘጋጁላት፤ በወራት ውስጥ መዳህና መቆም ጀመረች። በእርግጥ የምግቡ ውጤት መሆኑን ለማረጋገጥ ለእናትየው ሳይነግሩ ፌኒልአላኒን መልሰው ጨመሩበት፤ ልጅቷ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰች። ዛሬ ይህን ማድረግ አይፈቀድም፣ ደግሞም አይገባም። ያም ሆኖ በ1953 ያሳተሙት ውጤት ምግብ ሕክምና እንደሚሆን አሳየ። ለዚህችም ልጅ ምግቡ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ታዲያ የጋትሪ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?

መዘግየቱ ላይ። በሽታው ታውቋል፣ ምግቡ አለ፤ የጠፋው ልጁን ሳይጎዳ የሚያገኘው ሰው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የነበረው መንገድ የሕፃኑን እርጥብ ዳይፐር በፌሪክ ክሎራይድ መሞከር ነበር፤ ይህ ግን ልጁ የተወሰኑ ሳምንታት ካልሞላው ችግሩን ላያሳይ ይችላል፤ በዚያ ላይ እናት ልጇን ይዛ መመለስ አለባት።

በ1958 የጋትሪ ሚስት እህት ልጅ ፒኬዩ እንዳለባት ታወቀ። 15 ወሯ ነበር። በሽታውን የሚያጠና አጎት እያላት እንኳ አልተደረሰላትም። ጋትሪ እስከዚያ ድረስ ያሰበው የታወቁትን ልጆች መከታተያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስበው እናትና ልጅ ከሆስፒታል ሳይወጡ ስለሚደረግ ምርመራ ሆነ። ለዚህ ደግሞ ከጥቂት ጠብታ ያልበለጠ ደም፣ ሳይበላሽ ሩቅ መሄድ የሚችል ናሙና፣ እጅግ ርካሽ ዋጋ ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ትልቁ ግኝቱ ባክቴሪያው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የደረቀ ደም ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ አይሰበርም፣ አይፈስም፣ በፖስታ ይሄዳል።

ምርመራው በባክቴሪያ እንዴት ይሠራ ነበር?

ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለ፣ አፈር ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ጄሊ በመሰለ ምግብ ላይ ይዘራል። ምግቡ ውስጥ ፌኒልአላኒንን የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ነገር ይጨመራል። ባክቴሪያው ሐሰተኛውን እንደ እውነተኛ ይወስድና ማደግ ያቅተዋል፤ አሸዋ የተቀላቀለበት ዱቄት እንደማለት ነው። ከዚያ ከደረቀው የደም ወረቀት ላይ በመብሻ ትንሽ ክብ ተቆርጣ ጄሊው ላይ ትቀመጣለች። ደሙ ውስጥ እውነተኛው ፌኒልአላኒን ከበዛ ሐሰተኛውን ያሸንፈዋል፣ ባክቴሪያውም በክቧ ዙሪያ ያድጋል። አንድ ሌሊት አድሮ ሲታይ በወረቀቷ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አለ ወይ? ስፋቱ ምን ያህል ነው? ይኸው ነው። በአንድ ትሪ ብዙ ልጆች አንድ ላይ ይታያሉ፤ ውድ ማሽንም አይጠይቅም።

ወዲያው ተቀባይነት አገኘ?

በከፊል። መጀመሪያ በኒውዮርክ ግዛት በአንድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ትልቅ ተቋም ሞከረው፤ ፒኬዩ እንዳለባቸው የሚታወቁትን በሙሉ ለየ፣ በሽንት ምርመራ ያመለጡ 4 ሰዎችም ጨመረ። ከዚያ በፌዴራል መንግሥት ድጋፍ በ29 ግዛቶች 400,000 ሕፃናት ተመረመሩ፤ 39 ተገኙ። ከ10,000 አንድ መሆኑ ነው፤ ከተገመተው በላይ። ማሳቹሴትስ በ1963 ምርመራውን በሕግ ግዴታ አደረገች፣ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ጋትሪ ላቦራቶሪው ውስጥ አልተቀመጠም፤ ከወላጆች ማኅበር ጋር ሆኖ ለሕጉ ተሟገተ።

ተቃዋሚዎቹ ግን ዝም ብለው የሚናቁ አልነበሩም። ሐኪሞች «ሕክምናን በሕግ አታዙን» አሉ፤ ይህ የሥልጣን ክርክር ነው እንበል። ሌላው ክርክር ከባድ ነበር፦ ፌኒልአላኒኑ ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ ሁሉ ፒኬዩ አለበት ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ በደንብ ሳይለይ ጥብቅ ምግብ የተጀመረላቸው፣ በእጥረቱም የተጎዱ ልጆች ነበሩ። ፌኒልአላኒን ሙሉ በሙሉ ሲጠፋም ሰውነት አያድግም። መመርመሩ ከማከሙ ፈጠነ ማለት ነው፤ በእኔ አስተያየት የጋትሪ ወገኖች ይህን በጊዜው ለመቀበል ዘግይተዋል።

ሀብት አገኘበት?

አላገኘም፤ ለራሱ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከግኝቱ ሽያጭ የሚከፈል ድርሻ፣ አልወሰደም። ምርመራውን በብዛት ለማምረት ከአንድ ድርጅት ጋር ስምምነት ተደርጎ ነበር። ለ500 ምርመራ የሚበቃውን ዕቃ እሱ በራሱ ላቦራቶሪ በ6 ዶላር ገደማ ያዘጋጀው ነበር፤ ድርጅቱ ለመሸጥ ያሰበው በ262 ዶላር ነው። ጋትሪ ጮኸ፤ ጉዳዩ በ1965 እስከ አሜሪካ ሴኔት ደረሰ። ምርምሩ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነውና ብቸኛ መብት ለአንድ ድርጅት ሳይሰጥ ቀረ።

ለገዛ ልጁስ ጠቀመው?

አልጠቀመውም። የልጁ ችግር ፒኬዩ አልነበረም።

ልጁ የጾም ምግብ ብቻ ቢበላ አይበቃም?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም ያለ ነገር አልመጣም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የተከለከለበት ምግብ ሲባል ለኛ ቶሎ የሚታየን ጾም ነው። ነገር ግን የጾም ገበታችን በፕሮቲን የተሞላ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ሁሉም አይሆኑም። አንድ ግራም ፕሮቲን ውስጥ 50 ሚሊግራም ገደማ ፌኒልአላኒን አለ። ችግሩ የጠናበት ልጅ በቀን የሚችለው 300 ሚሊግራም ነው ብንል፣ የቀኑ ድርሻው ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ብዙም በማይበልጥ ደረቅ ምስር ያልቃል። እንጀራም ያው ነው፤ የጤፍ ዱቄት አንድ አሥረኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ስለዚህ በልክ እንጂ እስኪጠግብ አይበላም።

ልጁ የሚኖረው ፌኒልአላኒን ወጥቶለት ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች በተሟሉበት በልዩ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት፣ ተመዝኖ በሚሰጥ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ፕሮቲኑ በተቀነሰ ዱቄት ነው። የእናት ጡት ከላም ወተት ያነሰ ፌኒልአላኒን ስላለው ከልዩው ወተት ጋር በመጠን ይፈቀዳል። አስፓርቴም የተባለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የገባበት «ስኳር አልባ» ለስላሳ ግን ክልክል ነው፤ አስፓርቴም ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ፌኒልአላኒን ይወጣዋል። ጣሳው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ዘር ቆጥረን ነው የምንጋባው። ሰባት ቤት መቁጠር ከዚህ አይጠብቀንም?

ይቀንሳል፣ አይከለክልም። ፒኬዩ የሚመጣው ልጁ የተበላሸውን ዘረ መል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፣ ተሸካሚ መሆኑንም አያውቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረ መል ከአንድ አያት የመውረስ ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ጋሮድ ያየውም ይህንኑ ነው፣ ሰባት ቤት መቁጠሩ ጥሩ አጥር ነው። ሆኖም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተሸካሚዎችም ይገናኛሉ። አንድ መንደር ወይም አንድ ማኅበረሰብ ለብዙ ዘመን እርስ በርሱ ሲጋባ ደግሞ፣ ማንም የማያስታውሰው አንድ ቅድመ አያት ለብዙዎች ሊያወርስ ይችላል። በእስራኤል ባሉ የየመን አይሁድ ላይ የተደረገ ጥናት በመካከላቸው የሚታየውን ፒኬዩ ወደ አንድ የዘረ መል ጉድለት፣ መነሻውንም ወደ ሰንዓ አድርሶታል።

ስርጭቱ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ቱርክና አየርላንድ ውስጥ ብዙ ነው፤ ፊንላንድ ውስጥ እጅግ ጥቂት።

በኢትዮጵያስ?

እያንዳንዱ አራስ ተረከዙ የሚወጋበት አሠራር በሀገራችን የለም። የጋትሪ ወረቀት ግን አለ፣ ያውም ለሌላ ጉዳይ። ኤችአይቪ በደማቸው ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው የሚመረመሩት በዚሁ የደረቀ የደም ጠብታ ነው። ናሙናው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ምርመራው ወደሚደረግበት ላቦራቶሪ ይላካል፤ ማቀዝቀዣና መብራት በሌለበት ቦታ የደረቀ ደም ከሚፈስ ደም ይሻላል።

ለአራስ ሁሉ ምርመራ ይጀመር ቢባል እኔ ከፒኬዩ የማስቀድመው ከውልደት የሚመጣ የታይሮይድ ማነስን፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን እጥረትን፣ ነው። እሱም እንደ ፒኬዩ ዘግይቶ ከታወቀ አንጎልን ይጎዳል፤ ግን ይበልጥ ብዙ ልጆች ላይ ይገኛል፣ መድኃኒቱም ልዩ ምግብ ሳይሆን ርካሽ እንክብል ነው። በዚሁ በደረቀ ደም እንዲመረመር መንገዱን በ1970ዎቹ የከፈተው የካናዳው ዣን ዱሶ ነው።

ፒኬዩ ያለባት ሴት መውለድ ትችላለች?

ትችላለች፣ ግን ከማርገዟ በፊት ምግቧን አጥብቃ መያዝ አለባት። ይህ የጋትሪ ትውልድ ያላሰበው ችግር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሞች አንጎል ዋና እድገቱን ጨርሷል ብለው ምግቡን በልጅነት ያስቆሙ ነበር። በጊዜ ታውቆላቸው ያደጉት ሴቶች ልጆች ለአካለ መጠን ደርሰው ሲወልዱ፣ ራሳቸው ፒኬዩ የሌለባቸው ልጆቻቸው በጭንቅላት ማነስና በልብ ጉድለት ተጎድተው ተገኙ፤ ከእናት ደም የሚያልፈው ፌኒልአላኒን ነው የጎዳቸው። ዛሬ ምክሩ ምግቡ ዕድሜ ልክ እንዲቀጥል ነው። ከ2007 ወዲህ ለአንዳንዶቹ የሚሠሩ መድኃኒቶችም መጥተዋል።

አሁንም ባክቴሪያ ነው የሚጠቀሙት?

አብዛኛው ቦታ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታንደም ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለ ማሽን በአንዲት የወረቀት ክብ በርካታ በዘር የሚተላለፉ የሜታቦሊዝም ችግሮችን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። ባክቴሪያው ጡረታ ወጣ፤ ወረቀቱ ሥራ ላይ ነው። ናሙናው በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በእንግሊዝ በአምስተኛው ቀን ይወሰዳል። ልጁ ሳይጠባ ቢወሰድ ፌኒልአላኒኑ ገና አልጨመረምና ችግሩ ሊደበቅ ይችላል። ከ24 ሰዓት በፊት ከሆስፒታል ከወጣችሁ ምርመራው ይደገም እንደሆነ ጠይቁ። ስልክ ተደውሎ «ድጋሚ ደም እንፈልጋለን» ቢባል ደግሞ ልጁ ታሟል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ድጋሚው ንጹሕ ይሆናል። ግን ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉት።

ጋትሪ በኋላ ምን ሠራ?

በዚያው የባክቴሪያ ዘዴ ጋላክቶሴሚያን (ሰውነት በወተት ውስጥ ያለን አንድ ስኳር መለወጥ የሚያቅተው ችግር) እና ሽንትን የተቃጠለ ስኳር የሚያሸትተውን ሌላ የአሚኖ አሲድ ችግር ጨምሮ ሌሎች ምርመራዎችን አወጣ፤ አገር ለአገር እየዞረም ላቦራቶሪዎች እንዲጀምሩት አሠለጠነ። በኋለኛ ዘመኑ ሙግቱን በቀለምና በቤንዚን ውስጥ ወደነበረው እርሳስ አዞረ፤ እሱም የልጆችን አንጎል የሚጎዳ፣ መከላከል የሚቻል ነገር ነው። በ1995 በሲያትል አረፈ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ወረቀቱ የት ይቀራል?

እንደ አገሩና እንደ ግዛቱ ነው። አንዳንዱ በወራት ውስጥ ያስወግደዋል፣ አንዳንዱ ለዓመታት ያስቀምጠዋል፤ ዴንማርክ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያስቀመጠችው ትልቅ ክምችት ለምርምር ያገለግላል። በአሜሪካ ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለምርምር ዋለ ተብሎ ክስ ተነሥቷል፤ ቴክሳስ በዚህ ምክንያት ከ5 ሚሊዮን በላይ ወረቀቶች አስወግዳለች። ስለ ልጃችሁ ወረቀት ማወቅ ከፈለጋችሁ የምትጠይቁት የወለዳችሁበትን ሆስፒታል ሳይሆን የግዛቱን ጤና ቢሮ ነው፤ በብዙ ግዛቶች እንዲወገድ የሚጠየቅበት ቅጽ አለ።